ልንጠይቅዎ መጣን

ባለፈው ጥቅምት ከደሴ ወደ ወልድያ ስሄድ ሚኒባሱ መርሳ ላይ ቆመ። ረዳቱ በሩን ከመክፈቱ ሽታው ቀድሞት ገባ። ዘይቱን ነው፤ ያውም ከመብሰል አልፎ ሊፈርጥ ጥቂት የቀረው፣ ላስቲክ ውስጥ ሆኖ ፀሐይ የመታው። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ በነጠላቸው ጫፍ አፍንጫቸውን ያዙ። እኔ ግን ሰው ምን ይለኛል ሳልል አንገቴን በመስኮት አውጥቼ ከሻጯ ልጅ አንድ ላስቲክ ገዛሁና፣ ሳልበላው ጭኔ ላይ አስቀምጬ እስክንነሣ ድረስ ሳሸት ቆየሁ።

መውረድ እችል ነበር። ያደግሁበት ሰፈራችን ከመናኸሪያው ሩቅ አይደለም። አልወረድኩም። የድሮ ቤታችን ባለበት ቦታ መስታወት በመስታወት የሆነ ሕንፃ ቆሟል ብለውኛል፤ የጎረቤታችን የእማማ ሉባባ ዘይቱንም እሳቸውም የሉም። በዓይኔ ካላየሁት እንደነበረ ይቆይልኛል ብዬ ነው መሰለኝ፣ መኪናው ሲንቀሳቀስ እፎይ አልኩ።

ስድስተኛ ክፍል በገባንበት ዓመት ከወልድያ አዲስ የአማርኛ አስተማሪ መጣልን። ቲቸር ካሳዬ ይባላል። «ይባላል» የምለው አሁን ነው፤ ያኔ እንኳን በአፉ በልቡም አንተ የሚለው ተማሪ አልነበረም። ዛሬ ሳስበው ግን ገና ከኮሌጅ የወጣ፣ ከዛሬዋ እኔ በብዙ የሚያንስ ልጅ ነበርና፣ አንቱታውን ብነሣው የሚቀየመኝ አይመስለኝም። ቀጭን ነው። ሸሚዙን እስከ አንገቱ ይቆልፋል። ሲናገር ድምፁን ዝቅ ስለሚያደርግ የኋላ ወንበር ሳይቀር ጸጥ ይላል፤ ዱላ ሳይዝ ጸጥ የሚያሰኝ አስተማሪ ስናይ የመጀመሪያችን ነበር።

የተሰጠው ክበብ ሚኒ ሚዲያ ነው። ሚኒ ሚዲያ ማለት ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ አንድ ልጅ «ውድ አድማጮቻችን እንደምን አደራችሁ» ብሎ ስለ ግል ንጽህና የሚያነብበት፣ ድምፅ ማጉያው ደግሞ ከሚያነበው ግማሹን የሚውጥበት ነገር ነበር። እኔ የዚህ ክበብ አባል ነኝ፤ ወሬ ስለምወድ። ቲቸር ካሳዬ አንድ ሳምንት ዝም ብሎ ሰማንና፣ «እናንተ ልጆች፣ በዚህ ከተማ ከናንተ በቀር ሰው የለም እንዴ?» አለን። ከዚያ ቃለ መጠይቅ ሊያስተምረን ተነሣ። ቃሉን ስሰማ የቃል ፈተና መስሎኝ ሌሊቱን ግስ ሳጠና አደርኩ።

የመጀመሪያው ቀን ወንበሩን ወደ ክፍሉ መሃል ስቦ ተቀመጠ። በጨርቅ የተጠቀለለ የበቆሎ ቆረቆንዳ አውጥቶ ፊት ላለው ልጅ አቀበለ። ማይክራፎናችን እሱ ነው።

«በሉ ጠይቁኝ» አለ።

«ቲቸር፣ አገርዎ ወልድያ ነው?»

«ነው።»

«ወንድም አለዎት?»

«አለኝ።»

«ማስተማር ይወዳሉ?»

«እወዳለሁ።»

ቆረቆንዳው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቆየና ጥያቄ አለቀብን። ቲቸር ካሳዬ እጁን አጣጥፎ፣ «አሁን ደግሞ እናንተ ስለ እኔ ንገሩኝ» አለ። ተያየን። ወንድም እንዳለው አወቅን እንጂ የወንድሙን ስም እንኳ አልያዝንም። «እኔ አልደበቅኋችሁም» አለ፤ «መልሱን ራሳችሁ ይዛችሁት መጣችሁ። ለእኔ የቀረልኝ ራሴን መነቅነቅ ነው።»

ያኔ ሰዓዳ እጇን አወጣች። ሰዓዳ ከኔ ጋር አንድ ዴስክ የምትቀመጥ፣ እኔ አጠገቧ ሆኜ ስለማወራ የመናገር ተራ ደርሷት የማያውቅ ልጅ ናት። ቆረቆንዳውን በሁለት እጇ ይዛ፣ «ቲቸር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ወልድያ ሲሄዱ፣ መኪናው ከተማ ሲገባ ዓይንዎ መጀመሪያ ምን ይፈልጋል?» አለችው።

ቲቸር ካሳዬ መስኮቱን አየ። እኔ መልሱ የጠፋው መስሎኝ ልረዳው አፌን ስከፍት ሰዓዳ በክርኗ ጎሸመችኝ። ቆይቶ፣ «እግር» አለ። «የአባቴን እግር። አባቴ መካኒክ ነው፣ ጋራዡ መንገድ ዳር ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ መኪናው ሲያልፍ ከከባድ መኪና ሥር የወጡ ሁለት እግሮች እፈልጋለሁ። ጫማውን አውቀዋለሁ። ካየሁት ደህና ነው ማለት ነው፤ ሰላም ሳልለው ቤት ሄጄ እናቴን ስሜ እመለሳለሁ። አንድ ቅዳሜ እግሩን አጣሁትና ከሚሄድ መኪና ልወርድ ነበር። ለካ ሻይ ሊጠጣ ሄዷል።» ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ እሱም ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰውየውን ወደድነው። አንድ ጥያቄ ነው ያስወደደን።

ችግሩ እኔ ነበርኩ። ሰው መልሱን ሳይጨርስ ሌላ ጥያቄ እደርብበታለሁ፤ ከቻልኩም መልሱን እኔ እጨርስለታለሁ። እናቴ «ለፍላፊ» ነበር የምትለኝ፣ ስሜ እስኪመስል። ቲቸር ካሳዬ በስድብ ፈንታ ከረሜላ ይዞ መጣ። ሕጉ አጭር ነበር፦ ጥያቄሽን ትጠይቂያለሽ፣ ከረሜላዋን አፍሽ ውስጥ ታደርጊያለሽ፣ ሟሙታ እስክታልቅ ድረስ አትናገሪም። መቆርጠም ክልክል ነው። «ሰው እውነተኛውን ነገር የሚናገረው አልቋል ብለሽ ካሰብሽ በኋላ ነው» ይለን ነበር። እኛ ከነገሩ ይልቅ ጣፋጩ ስቦን ክበቡ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሞላ። ቆርጣሚዎቹ እየተባረሩ ቆይቶ ደግሞ ሳሳ።

ከረሜላውን የሚገዛው ከኛ ሱቅ ነው። እናቴ አስፋልቱ ዳር ሳሙና፣ ክብሪት፣ ስኳርና የመሳሰለውን የምትሸጥበት ሱቅ ነበራት። ቲቸር ካሳዬ በየጊዜው መጥቶ ሙሉ እፍኝ ሲገዛ አይታ አዘነችለት። «ምስኪን፣ እናቱን ናፍቆ ነው» አለችኝ አንድ ቀን፤ «እንዲህ በከረሜላ ራሱን የሚያታልል ትልቅ ሰው አይቼ አላውቅም።»

ጥቅምት ሲገባ ቲቸር ካሳዬ ሁለት ሁለት አድርጎ መደበንና፣ «ሰው ሁሉ የሚያየውን፣ ማንም ግን ያልጠየቀውን ነገር ፈልጉ» አለን። አንዳንዶቹ መንገድ ዳር ተገልብጦ የቀረውን የመኪና አጽም መረጡ። አንዳንዶቹ መናኸሪያ ሄደው ሽንኩርት ጫኞች ለምን እየዘፈኑ እንደሚጭኑ ለመጠየቅ ተነሡ። እኔና ሰዓዳ ብዙ አልተጨቃጨቅንም። የእማማ ሉባባን ዘይቱን መረጥን።

እማማ ሉባባ ከኛ ቤት በላይ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ነበሩ። አንዲት ላም አለቻቸው። ግቢያቸው መሃል የሰፈሩን ጣሪያ ሁሉ የሚበልጥ ዘይቱን ቆሟል። በጥቅምት ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ ያፈራል፤ ማንም አይቀጥፈውም። ፍሬው ወድቆ ወድቆ መሬት ላይ ይፈርጣል፣ ሽታው አጥሩን ዘሎ ሰፈሩን ያጥለቀልቀዋል። ሰው ቤት የበቀለ ሙዝና ማንጎ በጠራራ ፀሐይ የምንሰርቅ ልጆች ያንን ዛፍ አንነካውም ነበር፤ ጅኒ አለበት እንላለን። ማስረጃም ነበረን። እማማ ሉባባ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው ከዛፉ ሥር ቁጢጥ ብለው፣ እያነበነቡ ውሃ ሲያፈሱለት በአጥሩ ቀዳዳ አይተናል።

ምን እንደመረጥን ለእናቴ ስነግራት ስኳር እየመዘነች ነበር። ሚዛኑን አስቀመጠችው።

«ሉባባን? እትዬ ሉባባን ምን ልትጠይቂ?»

«ስለ ዘይቱኑ።»

«ሌላ ነገር አታገኙም?» አለች። ገበያተኛው እስኪወጣ ጠበቀችና ወደ ኋላ ክፍል ጎትታኝ ገባች። እንድሪስ የሚባል ልጅ እንደነበራቸው ያን ለት ነው የሰማሁት። እኔ ገና ሳልናገር፣ በእግሬ ሳልሄድ፣ ከጓደኞቹ ጋር በባሕር ወደ ዓረብ አገር ሄደ። ጓደኞቹ ደረሱ፤ እሱ ደረሰም ቀረም የሚል ወሬ አልመጣም። «እሳቸው ፊት ስሙ አይነሣም» አለች እናቴ። «ሞተ እንዳይባል ያየ የለም። አለ እንዳይባል የሰማ የለም። ምን ብለሽ ታጽናኚያቸዋለሽ? ስለዚህ ሰፈሩ በሙሉ ዝም ብሏል። ዘይቱኑን ጠይቂ እሺ፣ መቼም አንቺን ማን ያቆምሻል። ማን ተከለው ብለሽ እንዳትጠይቂ ብቻ። የተከለው እሱ ነው።»

ዓረብ አገር ቅርባችን ካለችው ከተማ፣ ከውርጌሳ ጀርባ ያለ አገር ይመስለኝ ነበር። ዓረብ አገር የሚሄዱት ሁሉ በዘመድ ታጅበው የሚሳፈሩት ረዳቱ «ውርጌሳ፣ ውርጌሳ» ብሎ የሚጣራበት መኪና ላይ ነው። ታዲያ ውርጌሳ ድረስ ሄዶ የሚያመጣው ሰው እንዴት ይጠፋል እያልኩ ስቃጠል ሰነበትኩ። የሚያቃጥለኝ ሌላም ነገር ነበር። አንድን ዛፍ ማን እንደተከለው ሳይጠይቁ ስለ ዛፉ እንዴት ይጠየቃል?

ቲቸር ካሳዬን ለብቻው አግኝቼ፣ «ቲቸር፣ የምንጠይቀው ሰው እንዲነካበት የማይፈልገው ነገር ቢኖርስ?» አልኩት። የማንን ነገር እንደሆነ አልነገርኩትም፤ እናቴን ፈርቼ።

«ሰው ቤት ስትሄጂ ምን ታደርጊያለሽ?»

«አንኳኳለሁ።»

«እዚህም እንደዚያው ነው። ከከፈቱልሽ ትገቢያለሽ። ካልከፈቱልሽ ደህና ዋሉ ብለሽ ትመለሻለሽ። ማንኳኳቱን ከተውሽው ግን እቤት ይኑሩ አይኑሩ በምን ታውቂያለሽ?»

ድምፅ የምንቀዳበት ቴፕ የአባቱ ጋራዥ ንብረት ነው። ቲቸር ካሳዬ ለሳምንት ተውሶት ነበር፤ ቅዳሜ ይዞት መመለስ አለበት። ካሴቱም የራሱ ነው፤ የትዝታ ዘፈን ያለበትን ነው ለኛ ሲል የሠዋው። ሌሎቹ ሲቀዱበት ሰንብተው ለኔና ለሰዓዳ የቀረን ቅዳሜ ማለዳ ብቻ ሆነ፤ ቲቸር በመጀመሪያው መኪና ሳይሳፈር። «በሥርዓት ለብሳችሁ ኑ» አለን። «ሰው ቤት ስትገቡ አትሳሳቁ። የመጣችሁበትን ጉዳይ ደግሞ ፊት ለፊት ተናገሩ፤ ሰውየው ምን ፈልገው ይሆን እያለ አይጨነቅ።»

ትእዛዙን በደንብ ፈጸምን። እኔ የእናቴን ነጠላ ሳታየኝ አንሥቼ እንደ ትልቅ ሴት ተከናነብኩ። ሰዓዳ የእናቷን ጥቁር ሻሽ አሰረች። ላለመሳቅ ሁለታችንም ከንፈራችንን ነክሰናል። ቲቸር ካሳዬ ብርዱን ፈርቶ ጋቢውን ደርቧል። በሩ ላይ ስንደርስ፣ «እኔ ከገባሁ የሚመልሱት ለኔ ነው» ብሎ እዚያው ቆመ፤ አንገቱን ደፍቶ መሬት መሬት እያየ።

እማማ ሉባባ የወደቀውን ዘይቱን በመጥረጊያ ይሰበስቡ ነበር። ቀና አሉ።

«እንደምን አደሩ እማማ።»

«አልሐምዱሊላሂ። ምነው ልጆቼ፣ በማለዳ?»

ሰዓዳ እንደተማረችው ጉዳዩን ፊት ለፊት ተናገረች።

«ልንጠይቅዎ መጣን።»

መጥረጊያው ከእጃቸው ወደቀ። በመጀመሪያ የኔን ነጠላ አዩ። ከዚያ የሰዓዳን ጥቁር ሻሽ። ከዚያ በላያችን አልፈው በሩ ላይ አንገቱን ደፍቶ የቆመውን፣ የማያውቁትን ባለ ጋቢ ሰው። ልንጠይቅዎ መጣን የሚባለው ለታመመ ነው፣ ላዘነም ነው፤ እሳቸው ደግሞ አልታመሙም። ይህ ዛሬ ነው የሚገባኝ። ያን ለት ያየሁት ፊታቸው አመድ ሲሆንና ግንዱን ተደግፈው መሬት ላይ ሲቀመጡ ነው።

«ከየት መጣ ወሬው?» አሉ በጣም ቀስ ብለው። «ከየመን ነው? ከጅዳ ነው?»

«ኧረ ከትምህርት ቤት ነው» አልኳቸው።

«ትምህርት ቤት ምን ሰምቶ?»

«ገና አልሰማንም እማማ። የሚነግሩን እርስዎ ነዎት። ስለ ዘይቱኑ።»

«ስለ ዘይቱኑ?» አሉ። «ስለዚህ ስለ ዘይቱኔ?» እንደተቀመጡ መሳቅ ጀመሩ። እየሳቁ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ፣ ጠርገው እንደገና ይስቃሉ። «ያረቢ! እኔማ መርዶ መስሎኝ ልቤ ወጥታ ሄዳለች። ትርንጎ ስለ ዘይቱን ልትጠይቅ መጣች? ዘመዷ ነዋ፣ ትጠይቅ።» ስሜ እንዲህ ሲቀለድበት ደስ ብሎኝ አያውቅም ነበር፤ ያን ለት ደስ አለኝ። ቲቸር ካሳዬንም፣ «የማነህ ልጅ፣ ግባ ተቀመጥ። በር ላይ ሰው ሲቆም አልወድም» አሉት። ገብቶ አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። የቱ ላይ እንደተሳሳትን ገብቶት ነበር መሰለኝ፣ ፊቱ ቀልቷል።

ሰዓዳ የቴፑን ሁለት ቁልፎች አንድ ላይ ተጫነች። ካሴቱ መዞር ጀመረ።

«ስለ ዘይቱኑ ይንገሩን» አልኩና ከረሜላዬን ጎረስኩ።

«ዘይቱን ነው» አሉ እማማ ሉባባ። «ያፈራል።»

ካሴቱ ይዞራል። አንድ ፍሬ ከላይ ወድቆ ቴፑ አጠገብ ፈረጠ። ሌላ ጥያቄ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፤ ስለ ዝናብ፣ ስለ ወፍ፣ ስለ ምንም ይሁን። ከረሜላዋ ግን ገና ድፍን ናት። እማማ ሉባባ እኔን ያዩኛል፤ እኔ ዛፉን አያለሁ።

«ማን ተከለው አትይኝም?» አሉ።

ሕጉን ማፍረስ ነበረብኝ። ከረሜላዋን ወደ ጉንጬ ገፍቼ፣ «እናቴ እሱን እንዳትጠይቂ ብላኛለች» አልኩ።

ሰዓዳ ዓይኗን ጨፈነች። እማማ ሉባባ ግን አልተቆጡም። ራሳቸውን ነቀነቁ። «እናትሽ ብቻ መሰለችሽ? ሰፈሩ በሙሉ ነው። ጠዋት ማታ በበሬ ያልፋሉ፣ ደግ ሰዎች ናቸው፣ ቆመው እንዴት ነዎት ይሉኛል። ቀጥሎ ላሚቱ እንዴት ናት ይላሉ። ጥጃው እንዴት ነው ይላሉ። ላሚቱስ ጠያቂ አላጣችም። እኔን እንድሪስን ብሎ የጠየቀኝ ሰው ግን ከሄደ ወዲህ የለም።» ሻሻቸውን ወደ ኋላ ገፋ አደረጉ። «በይ አንቺ ጠይቂኝ።»

«ማን ተከለው?»

ያን ጠዋት የሰማሁትን ሁሉ ልጽፈው አልችልም፤ ግማሹን ቴፑ ይዞት ነበር፣ ቴፑ ደግሞ የለም። እንድሪስ በኔ ዕድሜ ሳለ ሲሪንቃ መንገድ ላይ ካገኘው ሰው ችግኟን ለምኖ፣ በወተት ጣሳ አድርጎ፣ መኪና ላይ ሁለት እጁን አጥሮባት እንዳመጣት። ያን ዓመት ውሃ ቸግሯቸው ስለነበር፣ «እናቴ፣ ውዱእሽን እዚህ አድርጊ፣ ውሃው አይባክን» ብሎ ከችግኟ ሥር ድንጋይ እንዳደላደለላቸው። ድንጋዩ አሁንም አለ፤ አሳዩን። ለጅኒ የሚያፈሱለት መስሎን የነበረው ውሃ ለካ ለንጋት ሶላት የሚታጠቡበት የሱብሒ ውዱእ ነው። ሲያፏጭ ከሩቅ ይታወቅ እንደነበር፣ ግራ እጁ ላይ የማጭድ ጠባሳ እንደነበረው፣ ሽሮ እንደማይወድና ወድጄ ነው ብሎ ይበላላቸው እንደነበር። ከረሜላዬ አልቃለች። ሌላ ጥያቄ መጠየቅ ግን ረሳሁ።

ሁለተኛውን ጥያቄ የጠየቀችው ሰዓዳ ናት። «ታዲያ ለምን አይቀጥፉትም?»

«ያፈራው እሱ በሄደ በዓመቱ ነው። እሱ ያልቀመሰውን እኔ ልቅመስ? ከጉሮሮዬ አይወርድም።»

«እኛስ?»

እማማ ሉባባ በመገረም አዩዋት። «እናንተን ማን ከለከላችሁ? እኔ የከለከልኩት ሰው የለም። የጠየቀኝም የለም።»

ሲጨርሱ፣ ቲቸር ካሳዬ ከተቀመጠበት ሆኖ፣ ድምፃቸውን መስማት ይፈልጉ እንደሆነ ጠየቃቸው። ትምህርት ቤት የሚሰማውም እሳቸው ከፈቀዱ ብቻ መሆኑን ነገራቸው። ካሴቱን ወደ ኋላ መለሰና ከፈተው። እማማ ሉባባ ጆሯቸውን ወደ ቴፑ አስጠጉ። «ይቺ አሮጊት እኔ ነኝ?» ብለው ሳቁ። ቴፑ ውስጥ ያለችው ሴት «እንድሪስ» ስትል ግን ሳቃቸው ቆመ። ስሙ ከሳቸው አፍ ሳይወጣ በግቢያቸው ሲሰማ ከስንት ዘመን በኋላ ይሆን፤ ደረታቸውን በእጃቸው ይዘው ያለ ድምፅ አለቀሱ። ድምፃቸው አልቆ ካሴቱ ላይ ቀድሞ የነበረው የዘፋኙ ትዝታ ከመሃሉ ቀጠለ። ቲቸር ካሳዬ ሊያጠፋው እጁን ዘረጋ፤ «ተወው» አሉት።

እናቴ የደረሰችው በዚህ መሃል ነው። ነጠላዋን አጥታ፣ እኔንም አጥታ፣ ፍለጋ ወጥታ ነው። የቆርቆሮውን በር ገፍታ ስትገባ ያየችውን አየች፤ ማለዳ ነው፣ የማታውቀው ባለ ጋቢ ሰው አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል፣ ሰዓዳ ጥቁር አስራለች፣ እኔ ነጠላ ተከናንቤያለሁ፣ እማማ ሉባባ ከዛፉ ሥር ያለቅሳሉ። ሌላ ምን ታስብ? እጇን ራሷ ላይ አድርጋ ጮኸች።

«ወይኔ እንድሪስ! ወይኔ ልጄ!»

ዘላ መጥታ እማማ ሉባባ እግር ሥር ተደፋች። እናቴን እንዲያ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም። ለካ ያንን ልቅሶ ዓመታት ሙሉ ይዛው ኖራለች፤ በዚያ በር ባለፈች ቁጥር፣ ስለ ላሚቱ በጠየቀች ቁጥር። እማማ ሉባባ ናቸው ትከሻዋን ይዘው ያነሷት።

«አብሽሪ፣ አብሽሪ አስናቁ። መርዶ አይደለም። ዘይቱን ነው።»

እናቴ አልገባትም። እኔን አየች፣ ቴፑን አየች፣ ቲቸር ካሳዬን አየች፤ ከረሜላ ገዢ ደንበኛዋ መሆኑን ስታውቅ ግራ መጋባቷ ባሰ።

«ስሙን ታውቂዋለሽ ለካ» አሏት እማማ ሉባባ።

«እትዬ፣ እንዴት አላውቀውም? በጀርባዬ ያዘልኩትን ልጅ?»

«ካፍሽ ሰምቼው ስለማላውቅ ነው።»

እናቴ ያለቀሰችበትን ፊቷን ከኔ ላይ በነጠቀችው ነጠላ ሸፈነች። «እንዳላሳዝንዎ ፈርቼ ነው» አለች ከውስጥ።

«አውቃለሁ። ሁላችሁም ፈርታችሁ ነው። ግን ብቻዬን ተዋችሁኝ ከሱ ጋር።» ከጎናቸው ያለውን መሬት በመዳፋቸው ጠረግ አደረጉላት። «ይሙት ይኑር አንድ አላህ ያውቃል። ልጄ ግን ነበረኝ። ቁጭ በይና ጠይቂኝ።»

ከአስፋልቱ በኩል ረዳቱ «ወልድያ፣ ወልድያ» እያለ ሲጣራ ይሰማል። ቲቸር ካሳዬ ጭንቅላቱን ቀና አደረገና መልሶ ደፋው። ካሴቱን አውጥቶ ገለበጠ፣ ሁለቱን ቁልፎች አንድ ላይ ተጫነ። እናቴ ከእማማ ሉባባ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጣለች። የነጠላዋን ጫፍ ስትቋጥር ስትፈታ ቆየች።

«ያን ለት» አለች በመጨረሻ፣ «እንድሪስ ሲሄድ ምን አለዎት?»

እማማ ሉባባ መልስ ሊሰጡ አፋቸውን ከፈቱ። እናቴ ግን የእኔ እናት ናትና አላስቻላትም፤ «መቼም ብዙም አላለ ይሆናል፣ ልጅ መቼም…» ብላ ጀመረች። ኪሴ ውስጥ አንድ ከረሜላ ቀርታ ነበር። አውጥቼ ዘረጋሁላት። ከራሷ ሱቅ የተገዛች ናት። እናቴ ከረሜላዋን አየች፣ እኔን አየች፤ ወረቀቷን ላጠችና አፏ ውስጥ አደረገቻት።